የጦር ጀግና ዝክር በጎጃም

በጎጃም በጦር ሜዳ ጀብዱ የፈጸመ የጦር መሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰው በቃል ነው። ፉከራ፣ ሽለላ፣ ቀረርቶና ሙሾ የዚህ ዝክር ነባር መንገዶች ሲሆኑ፣ ሜዳይ፣ ሐውልትና በስም መሰየም በኋላ ዘመን የመጡ ናቸው። የሚዘከረው ዘመቻ ብዙ ቢሆንም፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ላይ የተካሄደውን የአርበኝነት ተጋድሎ ያህል በአገሩ ሰው አንደበት የሚመላለስ የለም።

ፉካሪው ከተቀመጠበት ዘሎ ይነሣል፤ ጠመንጃውን ወይም ዱላውን ከፍ አድርጎ ወዲህና ወዲያ እየተንጎራደደ የአባቱን ስም፣ የፈረስ ስሙንና የዋለበትን ጦር ሜዳ ይጠራል፤ ታዳሚው በእልልታና በሆታ ይቀበለዋል። በድሮው ሥርዓት ትልቁ ነገር ምስክር ነበር። ጦር ተመልሶ በአለቃው ፊት ሲፎከር አብረው የዘመቱት ቆመው ስለሚሰሙ፣ ያልዋለበትን ዋልሁ የሚል ሰው እዚያው ይዋረዳል። በዚህ ምክንያት ፉከራን እንደ ጭፈራ ብቻ ማየት ስሕተት ይመስላል፤ ጽሕፈት ባልተስፋፋበት አገር የጀብዱ መዝገብ እርሱ ነበርና። የፈረስ ስምም የመዝገቡ አካል ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት «አባ ጠና»፣ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ደግሞ «አባ ኮስትር» በሚባለው የፈረስ ስማቸው እስከ ዛሬ ይወደሳሉ።

የአርበኝነቱ ተጋድሎ በጎጃም የተቀጣጠለው ጣልያን የሕዝቡን መሣሪያ ለመግፈፍ በተነሣ ጊዜ ነው። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃውን ማስረከብ ርስቱንና ክብሩን አብሮ ማስረከብ ስለነበረ፣ በ1930 ዓ.ም. አመፁ መላ ጎጃምን ያዳረሰ መልክ ያዘና የጣልያን ጦር በየከተማው ምሽግ ተወስኖ ቀረ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ልጅ ኃይሉ በለው በየአውራጃቸው ጦር ሲመሩ፣ በቢቸና በኩል ያለው ውጊያ የበላይ ዘለቀ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ባለችው በኦሜድላ በኩል የገቡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ፣ መንገዱን ለዓመታት ጠላትን ያደከሙት አርበኞች አስቀድመው ጠርገውት ቆይተዋል።

የበላይ ዘለቀ ዝክር ከሁሉም ይለያል። ከመኳንንት ወገን ያልሆኑና ማዕረግ ያልነበራቸው ሰው ሲሆኑ፣ የአባይን በረሃ ተገን አድርገው ብዙ ሺህ ተከታይ አፈሩ፤ ለጦር አለቆቻቸውም ራሳቸው ማዕረግ ይሰጡ ነበር። ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተብለው ቢቸናን ቢያስተዳድሩም፣ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው ሸፈቱ፤ ተይዘውም ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ እድሜ ልክ እስራት ከተለወጠላቸው በኋላ ከእስር ለማምለጥ ሞክረው በመያዛቸው፣ በ1937 ዓ.ም. ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። አብረው የተሰቀሉት ማሞ፣ ለጣልያን አድረው የነበሩት የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ መሆናቸው ሐዘኑን ለአርበኛው ወገን የባሰ መራራ አድርጎታል። መንግሥት በገመድ የቀጣውን ሰው ሕዝቡ በግጥም አነሣው፤ የጎጃም ሴቶችና አዝማሪዎች ባያንጎራጉሩለት ኖሮ የበላይ ስም በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ብቻ በቀረ ነበር።

መንግሥት በበኩሉ ለአርበኞች የአርበኝነት ሜዳይ ሰጥቷል፤ በሜዳዩ ላይ የሚጨመረው ዘንባባ በተጋድሎ የቆዩበትን ዘመን ያመለክታል። በኋላም በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የተሸለሙ የጎጃም መኮንኖች ከነሜዳያቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ሽልማታቸው በዚያው በአሮጌው ልማድ ተቀባይነት አገኘ። ይህ በለቅሶ ላይ ጎልቶ ይታያል። የሟቹ ፎቶግራፍ፣ የማዕረግ ልብሱ፣ ሜዳዩና ጠመንጃው በለቅሶው ቦታ ይታያሉ፤ በቀድሞ ጊዜ ደግሞ ፈረሱ ከነሙሉ ዕቃው ተጭኖ በለቃሹ መካከል ይዞር ነበር። አልቃሿ የሟቹን ጀብዱ በሁለት ስንኝ ቋጥራ ስታወርድ ሌሎቹ ደረታቸውን እየደቁ ይቀበሏታል። ጎጃም እንደ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ ስመ ጥር የቅኔ ጉባኤዎች አገር ነውና፣ ሙሾውም ሰምና ወርቅ አያጣም፤ በአንድ ስንኝ ጀግናውን አወድሶ ባንዳውን መውጋት የተለመደ ነው።

ልማዱ ጉድለትም አለው። ፉከራ መሪንና ተኳሽን ያነሣል፤ በሌሊት ስንቅ ያቀበለችውን፣ ቁስለኛ የደበቀውን፣ በጠላት ቢሮ ተቀምጦ ወሬ ያሾለከውን የውስጥ አርበኛ ብዙ አያነሣም። የጣልያን ጦር መንደር ሲያቃጥል ቀዳሚ ከፋዮቹ እነርሱ ነበሩና፣ ታሪክ ሰብሳቢ ከፉከራው ባሻገር የየቤተሰቡን ሙሾ መጠየቅ ይገባዋል፤ ከነዚህ ሰዎች የአንዳንዶቹ ስም የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል፤ በአዲስ አበባም ትምህርት ቤትና መንገድ ተሰይሞላቸዋል። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የአርበኞች ቀን ሲከበር የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ሜዳይ በደረታቸው ደርድረው፣ ጎፈር ደፍተውና ጋሻ ይዘው ይወጣሉ፤ በፉከራቸውም የራሳቸውን ሳይሆን የአያቶቻቸውን የፈረስ ስም ይጠራሉ።