የቱርቦ ሞተር ትንፋሽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ቱርቦው አልቋል»

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይህ ነው። በፒስተን ሪንጎች ዙሪያ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ፣ ማለትም ወደ ክራንክኬዙ፣ የሚወርድ ጋዝ በጤነኛ ሞተርም አለ። መተንፈሻ መውጫ ካጣ እዚያው ግፊት ይፈጥራል። የቱርቦ ዘንግ ደግሞ የጎማ ፓራሎሊዮ (የዘይት ማገጃ ቀለበት) የለውም፤ ዘይቱን የሚያግዱት ቀጭን የብረት ቀለበቶችና የግፊት ልዩነት ናቸው። ዘይቱ ከቱርቦው ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሆድ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) የሚመለሰው በራሱ ክብደት ስለሆነ፣ ኮፓው ውስጥ ግፊት ሲበዛ መመለሻው ይታፈናል፤ የተጠራቀመው ዘይትም ወደ ጭስ ማውጫው ይሾልካል። በዚህ ሁኔታ አዲስ ቱርቦ ቢገጠምም ያው መጨሱ አይቀርም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ለኩ። አሮጌ የዘይት መሙያ ክዳን ብሱና ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ አየር በማያስገባ መንገድ ግጠሙበት። ቱቦውን በ«ዩ» ቅርጽ ሰሌዳ ላይ አስራችሁ ግማሹን ውሃ ሙሉበት። የሞቀ ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ውሃው ወደ ሞተሩ በኩል ጥቂት ሴንቲሜትር ይሳባል። በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው የ10 ሴንቲሜትር ልዩነት 1 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ውሃው ወደ ውጭ ከተገፋ መውጫው ተዘግቷል ወይም ሪንጎቹ ደክመዋል። በኃይል ወደ ሞተሩ ከተሳበ ግን ቱቦውን ወዲያው ንቀሉ፤ የመተንፈሻው ግፊት መቆጣጠሪያ ዲያፍራም (ስስ የጎማ ሽፋን) መቀደዱን ያመለክታል። ፉጨት፣ የሚንቀጠቀጥ ሚኒሞ፣ አልነቀል የሚል የዘይት ክዳንም የዚሁ ምልክቶች ናቸው።

«መተንፈሻው አንድ ቱቦ ነው»

በቱርቦ ሞተር መንገዱ ሁለት ነው። በሚኒሞ ማኒፎልዱ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ስለሚስብ ጋዙ በፒሲቪ ቫልቩ (የመተንፈሻው ቫልቭ) በኩል ወደዚያ ይሄዳል። ቱርቦው ሲነፋ ማኒፎልዱ ራሱ ግፊት ስለሚይዝ ቫልቩ መዘጋት አለበት፤ ያኔ ጋዙ በሌላው ቱቦ ከቱርቦው በፊት ወዳለው የአየር መግቢያ ይወጣል። ቫልቩ ካልዘጋ የቱርቦው ግፊት በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባና የዘይት መለኪያውን ዘንግ እስከማስወንጨፍ፣ ፓራሎሊዮዎችንም እስከማስፈንቀል ይደርሳል። ቫልቩ ለብቻው የሚወጣ ከሆነ ፈትታችሁ ከማኒፎልድ በኩል በእጅ ፓምፕ ንፉበት፤ ካሳለፈ ቀይሩት። አጥቦ መመለስን አንመክርም።

«ቱቦውን ነቅሎ ወደ ውጭ መልቀቅ ይሻላል»

አይሻልም። መሳቡ ስለሚቀር የውሃ እንፋሎትና ያልተቃጠለ ነዳጅ ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ። ክፍት የቀረው ቀዳዳ ደግሞ በአየር መለኪያው ያልተቆጠረ አየር ያስገባል። በብዙ አገሮችም የልቀት ሕግ ይከለክለዋል።

«ማንኛውም ጣሳ ዘይት ይይዛል»

ባዶ ጣሳ ጭጋጉን ያሳልፈዋል። ካች ካን (ከመተንፈሻው ጋዝ ዘይቱን ለይቶ የሚይዝ ጣሳ) ውስጡ ጋዙ እየተጋጨ የሚዞርባቸው ግድግዳዎችና በደንብ የታሰረ የማይዝግ ወንፊት ያስፈልጉታል። የቱቦው የውስጥ ስፋት ከፋብሪካው እንዳይጠብ፤ ከ16 እስከ 19 ሚሊሜትር ለአብዛኛው ይበቃል። ዘይት የሚቋቋም ጎማ ይሁን፣ የራዲያተር ውሃ ቱቦ በዘይት አብጦ ይላላል። ወደ ታች የታጠፈ ቦታም አትተዉ፤ ፈሳሹ እዚያ ተኝቶ መንገዱን ይዘጋል። የመጀመሪያውን ፍተሻ በ1,000 ኪሎሜትር አድርጉ፣ ቀጣዩን በያዘው መጠን ወስኑ። በብርድ ውሃው ስለሚበዛና ሊረጋ ስለሚችል ቶሎ ቶሎ አፍስሱት። የተጠራቀመው ውሃና ነዳጅ ያለበት ስለሆነ ወደ ሞተሩ አይመለስም።

«ክዳኑ ሥር ቢጫ አረፋ ካለ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተቃጥሏል»

ሁልጊዜ አይደለም። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር እንፋሎቱን ለማባረር አይሞቅም። የራዲያተሩ ውሃ ካልቀነሰና በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ፣ አረፋውን ጠርጋችሁ ረጅም መንገድ ንዱትና እንደገና እዩት።

«የኢንተርኩለር (የቱርቦ አየር ማቀዝቀዣ) ቱቦ ውስጥ ዘይት መታየት የለበትም»

ጣት የሚያረጥብ ስስ ሽፋን የተለመደ ነው። ቱቦው ሲፈታ የሚፈስ ዘይት ከተገኘ ግን ከላይ ወዳለው በውሃ ቱቦ ግፊት መለካት ተመለሱ።