የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ተማሪዎቹና ውጤታቸው

በኢትዮጵያ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምር ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በ6ኛ ክፍል አቁሞ 7ኛንና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ አድርጓቸዋል። ሆኖም በብዙ ቦታ ግቢውም ርዕሰ መምህሩም አንድ ስለሆኑ የሁለቱ ቁጥር ተደባልቆ ሪፖርት ይደረጋል። የአንድን ትምህርት ቤት የአምስትና የስድስት ዓመት አኃዝ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው በቅድሚያ የትኞቹ ክፍሎች እንደተቆጠሩ ይጠይቅ። ቅድመ አንደኛም ካለ፣ በተለምዶ "ኦ ክፍል" የሚባለው፣ አንዳንዴ ከጠቅላላው ድምር ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴ አይገባም።

ስለ ተማሪዎቹ የሚታወቀው ሁሉ የሚመነጨው ከምዝገባ ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ አካል ጉዳት ካለ ዓይነቱን፣ እንዲሁም ተማሪው አዲስ ገቢ፣ ደጋሚ ወይም ከሌላ ቦታ በመሸኛ የመጣ መሆኑን ይመዘግባል። ከእነዚህ ሁሉ የማይታመነው ዕድሜ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ የልደት ሰርተፍኬት ይዞ የሚመጣ ልጅ በገጠር ጥቂት ነው። 1ኛ ክፍል መግቢያው ሰባት ዓመት ነው ስለሚባል፣ የአምስት ዓመት ተኩልም የዘጠኝ ዓመትም ልጅ "ሰባት" ተብሎ ይጻፋል።

የዚህ ጉዳት የሚታየው በተሳትፎ ስሌት ላይ ነው። ጥቅል ተሳትፎ በማንኛውም ዕድሜ ያሉትን ተማሪዎች ሁሉ ለትምህርት ዕድሜ ለደረሱት ልጆች ያካፍላል፤ ንጥር ተሳትፎ ግን በዕድሜያቸው ተገቢውን ደረጃ የሚማሩትን ብቻ ይቆጥራል። ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉ 200 ልጆች ቢኖሩና ትምህርት ቤቱ 230 ተማሪ ቢኖረው፣ ከእነዚህም 170ው ብቻ በዚያ ዕድሜ ውስጥ ቢሆኑ፣ ጥቅሉ 115 በመቶ፣ ንጥሩ 85 በመቶ ይሆናል። በመጀመሪያው ቁጥር ብቻ የሚደሰት ጽሕፈት ቤት ሠላሳ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ላያይ ይችላል። ዕድሜው በግምት ከተሞላ ደግሞ ንጥሩም ከግምት አያልፍም።

የጾታ ምጥጥን የሴቶችን ተሳትፎ ለወንዶቹ ተሳትፎ በማካፈል ይገኛል፤ ከ0.97 እስከ 1.03 ያለው እኩል ይባላል። በድምር እኩል የሆነ ትምህርት ቤት በክፍል ሲከፈል ግን ሌላ መልክ ሊያሳይ ይችላል፤ ታች ክፍል ላይ ሴቶች በዝተው ላይኛው ክፍል ላይ ሊሳሱ ይችላሉ። አካል ጉዳትን በተመለከተ የሚመዘገበው በዓይን የሚታየው ነው። ጆሮው በከፊል የማይሰማ ወይም ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ብዙ ጊዜ በቅጹ ላይ የለም፤ ያለው "ሰነፍ" ከሚባሉት መካከል ነው።

የከተማው ስብጥር የራሱ ጠባይ አለው። በአዲስ አበባ አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ስለሚልክ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚቀረው በአመዛኙ የቀን ሠራተኛ፣ የጉሊት ነጋዴና የጥበቃ ሠራተኛ ልጅ፣ አሊያም ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት የሚኖር ልጅ ነው። ነዋሪው ለልማት ሲነሳ የመሐል ከተማው ክፍል ይሳሳል፤ የኮንዶሚኒየም ሰፈሩ ይጨናነቃል። ከ2011 እና 2012 ዓ.ም. ወዲህ ከተማው ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር መስጠቱ በባዶ ሆድ የሚመጣውን ልጅ ከክፍል እንዳይቀር ረድቷል። በገጠር ምዝገባውን የሚያስተው ሌላ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ አጨዳ፣ የገበያ ቀን፣ ከብት ጥበቃ። መስከረም ላይ የተመዘገበው ሁሉ ሰኔ ላይ አይገኝም፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያቋርጠውም 1ኛ ክፍል ነው።

ስለ ውጤት ስንመጣ ዋናው ሰነድ ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ ተማሪዎች ውጤት የሚጠቃለልበት ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ከ100 ይታሰባል፣ የሁለቱ ወሰነ ትምህርት ውጤት ይደመርና አማካዩ ይወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል። በ1986ቱ ፖሊሲ ዘመን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ነፃ ዝውውር፣ ማለትም ውጤት ሳይታይ ወደ ቀጣዩ ክፍል ማለፍ፣ ስለነበረ፣ በእነዚያ ዓመታት "አለፈ" የሚለው ስለ ዕውቀቱ ብዙ አይነግርም። በተጨማሪም ፈተናውን የሚያወጣውም የሚያርመውም ያው መምህር ነው። ለማነጻጸር የሚረዳው ከውጭ የሚመጣው የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ የኋለኛውን ሰው ዛሬም "ሚኒስትሪ" ይለዋል። የሮስተሩ አማካይ 75 ሆኖ የፈተናው 45 ከሆነ ስህተቱ ከክፍል ምዘናው ይፈለግ።

የማለፍ መጠንም ሲሰላ አካፋዩን ማየት ያሻል። መስከረም ላይ 120 ልጆች ተመዝግበው 90 ለፈተና ቢቀመጡና 72 ቢያልፉ፣ ትምህርት ቤቱ "80 በመቶ አሳልፈናል" ይላል። ከተመዘገቡት ቢሰላ ግን 60 በመቶ ነው። ደካሞቹ ባቋረጡ ቁጥር አማካዩ ይጨምራል፤ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የሚሸለም ትምህርት ቤት ብዙ ልጆች የጠፉበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አቋራጭ፣ ደጋሚና አላፊ አንድ ገጽ ላይ ካልቀረቡ የማለፍ መጠን ብቻውን ለውድድር አይበቃም። በመሸኛ የሄደውም እንደ አቋራጭ እንዳይቆጠር የተቀባዩ ትምህርት ቤት ማረጋገጫ መምጣት አለበት፤ ብዙ ጊዜ አይመጣም።

የታችኛውን ክፍል ችሎታ በተሻለ የሚለካው የንባብ ምዘና ነው። ልጁ ብቻውን ተቀምጦ ፊደል፣ ቃልና አጭር ምንባብ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ፍጥነቱ በአንድ ደቂቃ ይለካል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንድ ያህሉ ከምንባቡ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ማንበብ ሳይችል 5ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሳይንሱንም የኅብረተሰብ ትምህርቱንም በጽሑፍ ይፈተናል። በአዲስ አበባ ደግሞ 7ኛ ክፍል ላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ብዙ ሰው በሁለተኛ ደረጃው ላይ ጣት ቀሰረ፤ ክፍተቱ ግን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ጀምሮ የተጠራቀመ ነው።

የክፍል ጥምርታ ደረጃው አንድ ክፍል ለ50 ተማሪ ነው። አማካዩ 50 ሆኖ 1ኛ ክፍል ላይ 85፣ 6ኛ ላይ 30 ልጆች ሊቀመጡ ይችላሉ። በፈረቃ የሚሠራ ትምህርት ቤት ደግሞ ጥምርታውን በክፍል ምድብ (አብረው በሚማሩ ተማሪዎች ቡድን) እንጂ በመማሪያ ክፍሉ ብዛት አያሰላም፤ 8 መማሪያ ክፍል ያለው ግቢ 16 ምድብ ይዞ ደረጃውን ያሟላ ይመስላል፤ ተማሪው የሚያገኘው ግን ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያይ አሠራር ኢንስፔክሽን፣ ማለትም የትምህርት ቤቶች የጥራት ቁጥጥር ነው። በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት፣ በጠቅላላው በ26 ስታንዳርዶች ይመዘናሉ። ከ50 በመቶ በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 በታች ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 በታች ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ነው፤ መስፈርቱን አሟሉ የሚባሉት 3 እና 4 ብቻ ናቸው። ወላጅ ወይም የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ደረጃውን ብቻ ሳይሆን የግብዓቱን፣ የሂደቱንና የውጤቱን ነጥብ ለየብቻ ቢጠይቅ ይሻለዋል። በግብዓት 80፣ በውጤት 45 ያለው ትምህርት ቤት አዲስ ሕንፃ ሳይሆን የንባብ ማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ያስፈልገዋል።