ሴት ፖለቲከኛ በፌዴራል መንግሥት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በለገጣፎ የእድር ስብሰባ ላይ የሴት ባለሥልጣን ነገር ሲነሳ ወሬው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። ምርጫና ሹመት ይምታታሉ፤ የፌዴራልና የከተማ አስተዳደር ሥራም ይምታታሉ። በዚህ የተነሳ ሴትዮዋ በእጇ በሌለ ጉዳይ ትወቀሳለች፣ በእጇ ያለውን ደግሞ የሚጠይቃት ይጠፋል።

«ሴት ወደ ሥልጣን የመጣችው በ2011 ነው»

በ2011 የሆነው ሌላ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 20 አባላት ባሉት ካቢኔ ውስጥ 10 ሴቶች ተሾሙ፣ ጥቅምት 15 ቀን ደግሞ ሣህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዝዳንት ሆነው ተመረጡ። መንገዱ የተጀመረው ግን በንጉሡ ዘመን ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት (የያኔው ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት) ገብተዋል፣ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆነዋል። ገነት ዘውዴም በኢሕአዴግ ጊዜ ከአስር ዓመት በላይ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ።

«ሚኒስትር የሆነች ሁሉ ሕዝብ መርጧታል»

በሕገ መንግሥቱ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል መመረጥ ያለበት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ሚኒስትሮችን ግን ከሁለቱ ምክር ቤቶች (ከሕዝብ ተወካዮችና ከፌዴሬሽን) አባላትም፣ ብቃት አላቸው ከሚላቸው ከውጭ ሰዎችም ማቅረብ ይችላል (አንቀጽ 74)፤ ሹመቱን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ሥልጣን ሲለቀቅ ነው። የምክር ቤት አባል ዘመኗ አምስት ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት መራጮቿ አመኔታ ካጡባት በሕግ መሠረት ሊያነሷት ይችላሉ። ሚኒስትር ግን የተወሰነ ዘመን የላትም። የምክር ቤት መቀመጫ ሳይኖራት የተሾመች ሴት ከሹመቷ ስትነሳ በፌዴራል መንግሥት የሚቀራት ቦታ የለም። ለዚህ ነው ረጅም ጉዞ የምታስብ ፖለቲከኛ ሹመት ብቻ ሳትጠብቅ የምርጫ ክልሏን አጥብቃ መያዝ ያለባት።

«ለሴት የሚሰጣት የሴቶች ጉዳይ ነው»

አይሻ መሐመድ መከላከያን፣ ዶክተር ሊያ ታደሰ ጤናን፣ ዶክተር ፍጹም አሰፋ ፕላንና ልማትን መርተዋል። ሙፈሪያት ካሚል የሰላም ሚኒስትር በሆኑበት ጊዜ የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎትና የፌዴራል ፖሊስ ተጠሪነታቸው ለዚያ መሥሪያ ቤት ነበር።

«ፓርላማ ውስጥ ለሴት የተያዘ ወንበር አለ»

የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች የተጨማሪ ድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ቢደነግግም ለሴት ብቻ ተቆጥሮ የተቀመጠ መቀመጫ የለም። በየምርጫ ክልሉ የሚያሸንፈው ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ነው። በ1992 ምርጫ ከ547ቱ መቀመጫ ሴቶች የያዙት 42 ነበር፤ በ1997 117፣ በ2002 152፣ በ2007 212 ደረሰ። ቁጥሩን ያሳደገው በዋናነት የያኔው ገዢ ግንባር ኢሕአዴግ ብዙ ሴቶችን በእጩነት ማቅረቡ ነው። ስለዚህ ትልቁ በር ያለው ከምርጫው ቀን በፊት፣ ፓርቲው እጩ በሚመርጥበት ጊዜ ነው። አዋጅ 1162/2011 ፓርቲዎች ከመንግሥት የሚያገኙት ገንዘብ ሲከፋፈል የሴት እጩዎች ብዛት እንዲታይ ያደርጋል። ጥሩ ነው፤ ግን ቁጥር ብቻውን ያታልላል። ፓርቲው እንደማያሸንፍ በሚያውቅበት የምርጫ ክልል ሴቶችን ቢደረድር ዝርዝሩ ያምራል እንጂ ማንም ፓርላማ አይገባም። ስንት ሴት ቀረበች ብሎ የሚጠይቅ፣ የት ቀረበች ብሎም ይጠይቅ።

«ፕሬዝዳንቷ ሕጉን መሻር ይችሉ ነበር»

አይችሉም ነበር። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፊርማ ሲላክ ፕሬዝዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል፤ ባይፈርምም ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል። ሣህለወርቅም በዚሁ ደንብ ነው የሠሩት።

«መርጠናት ውሃ አላስገባችልንም»

በከተማው ዳር ብዙ ቅሬታ የሚሰማው በዚህ ላይ ነው። የየካ አባዶ ነዋሪ ለሁለት ምክር ቤት ይመርጣል፦ አዲስ አበባ 23 መቀመጫ ላላት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት። ከወሰኑ ማዶ ለገጣፎ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያለው፣ ከተወካዮች ምክር ቤት ጋር የሚመርጠው የክልሉን ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያን ነው። የቧንቧ ውሃ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድና የቆሻሻ ማንሳት የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚጀምረው የአዳማ ፈጣን መንገድ የፌዴራል ነው፤ ከኮንዶሚኒየሙ በር እስከ አስፋልቱ ያለው ኮረኮንች ግን የከተማው ነው።

መብራት ግን የፌዴራል ነው፤ የፓርላማ ተወካይዋ በትክክል የምትጠየቀውም እዚህ ላይ ነው። ሆኖም «መብራት ይጠፋብናል» የሚል ማመልከቻ የትም አይደርስም። የትራንስፎርመሩ ቦታ፣ ችግሩ የጀመረበት ቀን፣ በእሱ የሚጠቀመው አባወራና እማወራ ቁጥር፣ ለመብራት ኃይሉ ዲስትሪክት ቢሮ የቀረበው አቤቱታ ግልባጭና የተሰጠው መልስ አብረው ይያያዙ። ይህን ይዛ ጉዳዩን ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ልታቀርብ፣ ኃላፊውንም ልታስጠይቅ ትችላለች።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን በመካከል የአንድ ወር እረፍት አለው። በእረፍቱና በክረምቱ መራጭ ተወካዩን በአካባቢው ለማግኘት ይመቸዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥያቄ በጀቱ ከመጽደቁ ወራት ቀደም ብሎ ተወካይዋ እጅ መግባት አለበት። ሐምሌ ላይ የደረሰ ማመልከቻ የሚጠብቀው የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ነው።