አሜሪካ ጥገኝነት ስንጠይቅ ስለ ጠበቃ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያለ ሐበሻ ሁሉ ስለ ኬዝ፣ ማለትም ስለ ጥገኝነት ጉዳዩ፣ የሚመክረው አያጣም። ቡና ላይም፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስም ወሬው እሱ ነው። አብዛኛው ምክር ከቅንነት የሚሰጥ ነው። ግን የአንዱ ኬዝ ለሌላው አይሆንም። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ለጥገኝነት ጠያቂዎች በፈቃደኝነት አስተረጉማለሁ። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም።

«ገንዘብ ከሌለኝ መንግሥት ጠበቃ ያቆምልኛል»

አያቆምም። ፊልም ላይ የምናየው በወንጀል ለተከሰሰ ሰው ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ እንደ ወንጀል አይቆጠርም። ሕጉ ጠበቃ የመያዝ መብት ይሰጣችኋል፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ወጪውን መንግሥት አይችልም። ስለዚህ ብዙ ሰው ዳኛ ፊት ብቻውን ይቆማል። በ2015 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ2007 እስከ 2012 የታዩ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ጉዳዮችን ተመልክቶ ነበር። ጠበቃ የነበራቸው 37 ከመቶ ብቻ ናቸው። እስር ላይ ከነበሩት ደግሞ 14 ከመቶ።

«ታዲያ ደሃ አለቀለት»

አላለቀለትም። ነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚሠሩ አሉ። ዲሲ አካባቢ አዩዳና ካቶሊክ ቻሪቲስ የሚባሉ ድርጅቶች አሉ። ዘመድ በኢሚግሬሽን እስር ላይ ከሆነባችሁ አሚካ ሴንተር የሚባለውን ድርጅት ጠይቁ። እንደ ጆርጅታውን ባሉ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች በመምህሮቻቸው ክትትል የጥገኝነት ኬዝ ይይዛሉ። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶችም በነፃ የሚሠሩ ጠበቆችንና ድርጅቶችን ዝርዝር ያወጣሉ። ችግሩ ወረፋው ነው። አንዱ ጋ «ሞልቷል» ከተባላችሁ በዚያው አትቅሩ፣ ቀጣዩ ጋ ደውሉ።

«ነፃ ጠበቃ ልቡን አይሰጥም»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል፤ በዓይኔ ያየሁት ሌላ ነውና። አንዲት ልጅ የጥገኝነት ቅጿን ሌላ ሰው ሞልቶላት የሕግ ተማሪዎች ኬዝ ወደሚይዙበት አንድ ክሊኒክ መጣች። አገር ቤት የተያዘችው ኅዳር 12 ቀን 2013 ነው። የሞላላት ሰው ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲቀይር 8 ደምሮ ኖቬምበር 2021 ብሎ ጽፎታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው ግን 7 ነው። ትክክለኛው ቀን ኖቬምበር 21፣ 2020 ነበር። የሆስፒታል ወረቀቷ 2020 ይላል፣ ቅጿ 2021 ይላል። የሚጠይቃት መኮንን ይህን እንደ ውሸት ሊያየው ይችላል። ይህን ያገኘችው ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ የተቀመጠች ተማሪ ናት። ከኢንተርቪው በፊት የማስተካከያ ጽሑፍ ገባ።

በዚያው ቀን «ታሰርኩ» የሚለው ቃል ራሱ አስቸገረን። እጅ በገመድ መታሰር ነው ወይስ እስር ቤት መግባት? «ወንድሜ» ስትል ደግሞ የአጎቷን ልጅ ማለቷ ነው፤ ቅጹ ላይ ግን ወንድም አላስመዘገበችም። «ሌሊት 8 ሰዓት» በአሜሪካኖች አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው። እንዲህ ያለውን የሚያስተካክል ሰው ስትፈልጉ ዋጋውን ሳይሆን የሚሰጣችሁን ጊዜ እዩ።

አስተርጓሚ ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ራሱ ያቀርባል። ዳኛ ሳይሆን መኮንን በሚጠይቅበት በጥገኝነት ቢሮ ኢንተርቪው ላይ ግን ይዛችሁ መሄድ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። 18 ዓመት የሞላው፣ ጠበቃችሁም ምስክራችሁም ያልሆነ ሰው መሆን አለበት።

«ኬዝ የሚጽፍ ሰው አለ፣ ጠበቃ ምን ያደርጋል?»

እዚህ ላይ እባካችሁ ቆም በሉ። «ለሌላ ሰው የሠራ ታሪክ ነው» እያለ የሚሸጥ አለ። ሆን ብሎ በዋናው ጉዳይ ላይ የፈጠራ ታሪክ ያስገባ ሰው ከተረጋገጠበት፣ ግሪን ካርድን ጨምሮ የኢሚግሬሽን ጥቅሞች በቋሚነት ሊዘጉበት ይችላሉ። ጸሐፊው ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ የሚፈርመውና የሚጠየቀው አመልካቹ ነው። እውነተኛ ስቃይ ያለበት ሰው የሌላ ሰው ታሪክ ይዞ ሲገባ ማየት ያሳዝናል።

«ኖታሪ» የሚል ጽሑፍም አያታላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ኖታሪ ማለት ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው ነው፤ የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። እንደ ሕግ ተማሪዎቹ ካሉ ጥቂቶች በቀር ጠበቃ ያልሆነ ሰው ኬዝ መያዝ የሚችለው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ሲኖረውና ዕውቅና ባለው ድርጅት ሥር ሲሠራ ነው። የጥገኝነት ቅጹ፣ አይ 589 የሚባለው፣ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ስሙን ጽፎ የሚፈርምበት ቦታ አለው። አዘጋጁ «እኔ አልፈርምም» ካላችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጠበቃ ነኝ ካለም ስሙን የግዛቱ የጠበቆች ማኅበር ዝርዝር ላይ ፈልጉት። ደቂቃም አይፈጅም።

«ለጠበቃ የነገርኩት ኤምባሲ ይደርሳል»

ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። መንግሥትም የማመልከቻችሁን ይዘት ለአገራችሁ መንግሥት አሳልፎ እንዳይሰጥ ደንቡ ይከለክለዋል። በዚህ ፍርሃት ዋናውን ነገር ደብቀው ቀርበው ኬዛቸው የተጎዳ ሰዎች አውቃለሁ። በተለይ የደረሰባቸውን ጥቃት ለመናገር የሚያፍሩ ሴቶች። ሴት ጠበቃ፣ ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ።

«መጀመሪያ ልደላደል፣ ከዚያ ጠበቃ እፈልጋለሁ»

ማመልከቻው አሜሪካ በገባችሁ በ1 ዓመት ውስጥ መድረስ አለበት። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ለምሳሌ ከባድ ሕመም ወይም የአገር ቤት ሁኔታ መለወጥ። ግን ማስረዳቱ የእናንተ ሥራ ነው። ዓመቱ ያለፈባችሁም ቢሆን ተስፋ ሳትቆርጡ ጠበቃ አማክሩ። ለማመልከቻው በ2025 በወጣው ሕግ 100 ዶላር ክፍያ ስለተጨመረበት፣ ያን ሰሞን ያለውን ዋጋ አጣሩ።

«ጠበቃ ይዣለሁ፣ አሁን እሱ ያውቃል»

አድራሻ ከቀየራችሁ ፍርድ ቤቱ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ማወቅ አለበት። ጥሪው ወደ ድሮው ቤት ሄዶ ከቀጠሮ ከቀራችሁ፣ ዳኛው በሌላችሁበት የመባረር ትዕዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ያስገባችሁትን ሁሉ ኮፒ አስቀሩ። ጠበቃ ብትቀይሩ አዲሱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።