የለውጥ አምጪ ኃላፊነት ምንድን ነው? የሙዚቃ ቤትና አዲስ ጎረቤት በደሴና በኮምቦልቻ

ለዓመታት ማሲንቆና ክራር ሲደመጥበት በኖረ ቤት አጠገብ ባለ አምስት ፎቅ አፓርታማ ተሠራ እንበል። ነዋሪው ገባ፤ ወር ሳይሞላ አቤቱታ ተጻፈ። ሙዚቃ ቤቱ ያው ነው፣ ድምፁም አልጨመረም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ታዲያ ድምፁን ለማፈን የሚወጣውን ገንዘብ ማን ይክፈል? የለውጥ አምጪ ኃላፊነት የሚባለው የከተማ ፕላን መርህ መልሱ አጭር ነው፦ በአካባቢው ለውጥ ያመጣው ወገን ይክፈል።

መርሁ ሙዚቃ ቤት እንዳሻው እንዲጮህ ፈቃድ አይሰጥም። ለሁለቱም ወገን እኩል ይሠራል። በቆየ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ፣ ወይም ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ አዲስ የምሽት ክለብ ከተከፈተ ለውጥ አምጪው ክለቡ ነው፤ ወጪውም የራሱ። አዝማሪ ቤት ሆኖ የኖረ ቤት ኪቦርድና ባለ ከባድ ቤዝ ሞንታርቦ ሲያስገባም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ የመጣው ማሲንቆው እንጂ ሞንታርቦው አይደለም። ብዙ ባለቤቶች ጉዳያቸውን ሳይታወቃቸው የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው።

መርሁ በሥራ ላይ ከዋለባቸው ቦታዎች አንዷ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ነባር የሙዚቃ ቤት ባለበት በ50 ሜትር ክልል ውስጥ መኖሪያ የሚሠራ ሰው የድምፅ መከላከያውን ራሱ እንዲሠራ ታዟል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 በብሔራዊ የፕላን ፖሊሲዋ ውስጥ አስገባችው፤ እዚያ ከሙዚቃ ቤቶች ጎን የአምልኮ ቦታዎችም በስም ተጠቅሰዋል። ስኮትላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በፕላን አዋጇ ላይ አሰፈረችው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ፖሊሲን ባለሥልጣን ከሌላ ጉዳይ ጋር አመዛዝኖ ሊያልፈው ይችላል፣ አዋጅን ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም።

ወደ እኛ ስንመጣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል። አንቀጹ ማን ቀድሞ እንደመጣ አይጠይቅም። ሆኖም የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ ከግምት እንዲገባ ያዛል፤ የነባር ሙዚቃ ቤት ክርክር መቆም ያለበትም በዚህች ሐረግ ላይ ነው። በቁጥር ደረጃ የአገሪቱ የድምፅ መለኪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ አሃድ)፣ ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። የሙዚቃ ቤት ገበያ የሚደራው ደግሞ ልክ ወሰኑ በ10 ዴሲቤል ከወረደ በኋላ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ውስጥ 100 ዴሲቤል ካለና ከግድግዳው ጋር የተጠጋው ጎረቤት ከ45 በላይ መስማት ከሌለበት፣ መሃል ላይ ያለው ነገር 55 ያህል ማፈን አለበት። በሁለቱም በኩል የተለሰነ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ወደ 45 ይደርሳል። ቆርቆሮና ስስ ኮርኒስ ግን ከ20 እስከ 25 ቢሆን ነው። ስለዚህ ድምፁ የሚወጣው በጣሪያው ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚፈሰው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከንቱ ነው። ክፍተትም እንዲሁ ያጭበረብራል። በ10 ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነች አንዲት ክፍት መስኮት ካለች፣ ብሎኬቱ የቱንም ያህል ቢወፍር ጠቅላላ ውጤቱ ወደ 20 ዴሲቤል ይወርዳል።

ደሴ ላይ ይህ የጣሪያ ነገር ይብሳል። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ ስለተሠራች የታችኛው መንገድ ቆርቆሮ ከላይኛው ሰፈር መኝታ ቤት ጋር ፊት ለፊት ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ወርዶ ከታች ይተኛል፤ ከላዩ ያለው ሞቅ ስለሚል ወደ ላይ የሚሄደው ድምፅ ታጥፎ ይመለሳል። ቀን ያልሰማው ሰው ሌሊት ቢሰማ አልዋሸም ማለት ነው። ኮምቦልቻ ሌላ ናት። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዳ፣ በ1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትሞቃለች፤ በርና መስኮት ይከፈታል። እዚያ መጀመሪያ መሠራት ያለበት የአየር ማስገቢያ ነው፦ ውስጡ በፋይበር ግላስ የተለበደና ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ ቱቦ ከማራገቢያ ጋር። ያለዚህ በሩን ዝጉ ማለት ደንበኛውን አባሩ ማለት ነው።

ለጣሪያው የሚሠራው መፍትሔ እንዲህ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ በፋይበር ግላስ መሙላት፤ ከሥሩ 12.5 ሚሊ ሜትር ጂብሰም ቦርድ ሁለት ድርብ አድርጎ፣ የአንዱ መጋጠሚያ ከሌላው ጋር እንዳይገናኝ አፈራርቆ ማሰር፤ ጠርዙን በሲሊከን መድፈን። ሁለቱ ድርብ በካሬ ሜትር ወደ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። በባህር ዛፍ አጣና የቆመ ጣሪያ ይህን ላይሸከም ስለሚችል አስቀድሞ መሐንዲስ ይየው። የእንቁላል ትሪ መለጠፍ ግን የክፍሉን ማስተጋባት ጥቂት ከመቀነስ በቀር ጎረቤት ጋ የሚደርሰውን ድምፅ አያቆምም። ስፖንጅም እንዲሁ ነው፤ ድምፅን የሚያቆመው ክብደትና ድፍን መጋጠሚያ ነው። ቤዝ ስፒከሩን ከወለሉ በወፍራም ጎማ ማለያየት በአንጻሩ በርካሽ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ከሙዚቃ ቤቱ አጠገብ የግንባታ ምልክት ከታየ ጊዜ አይባክንም። ፈቃዱ ሳይሰጥ ለከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል በጽሑፍ ማመልከት ነው፤ ሰው ከገባበት በኋላ የሚነሳ ክርክር ሁልጊዜ የሚያዘነብለው ወደ ተኛው ሰው ነው። ከማመልከቻው ጋር የቤቱን ዕድሜ የሚያሳይ የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ፣ እንዲሁም ቢያንስ በሁለት ቅዳሜ ማታ በአዲሱ ቦታ ወሰን ላይ የተወሰደ የ15 ደቂቃ አማካይ ልኬት ይያያዝ። የስልክ አፕ ለራስ ማነጻጸሪያ ይበቃል እንጂ ለማስረጃ አይሆንም፤ በተለይ ቤዙን አሳንሶ ያነበዋል።

ከአልሚው የሚጠየቀው ደግሞ በፕላኑ ላይ በርካሽ የሚስተካከለው ነው። መኝታ ክፍሎች ወደ ሌላው አቅጣጫ ይዙሩ፤ በሙዚቃ ቤቱ በኩል ደረጃ፣ ዕቃ ቤትና ሻወር ይሁን፤ በዚያ በኩል ያሉት መስኮቶች ድርብ መስታወት ይግባላቸው። ድርብ መስታወት ገብቶ የአየር ማስገቢያ ከተረሳ ነዋሪው መስኮቱን ይከፍተዋል፤ ሥራው ሁሉ ያን ጊዜ ከንቱ ነው። ሌላው ብልሽት ውሉ ነው። አልሚው የሚፈርመው ስምምነት አፓርታማውን የሚገዛውን ወይም የሚከራየውን ሰው በራሱ አያስገድደውም፤ የድምፁ ነገር በሽያጭና በኪራይ ውሎች ውስጥም እንዲገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለንደን ውስጥ ሚኒስትሪ ኦፍ ሳውንድ የተባለው ክለብ ፊት ለፊቱ የመኖሪያ ሕንፃ በመጣበት ጊዜ የተረፈው በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ነው፤ ነባሩ የድምፅ መጠን ከንብረቱ ጋር በተያያዘ ሰነድ ላይ ሰፍሮ መጪው ነዋሪ አውቆት እንዲገባ ተደረገ።

መርሁ የማይነካው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ አከራዩ። ኪራይ ቢጨምር፣ ቤቱን ለፎቅ ቢያፈርሰው የለውጥ አምጪ ኃላፊነት ምንም አይረዳም፤ ሙዚቃ ቤቶችን በብዛት የሚዘጋውም ይኼው ይመስለናል። እንግሊዝ ውስጥ ለሙዚቃ ቤቶች የሚቆመው ሚውዚክ ቬኑ ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከሕዝብ የአክሲዮን ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሮ የሙዚቃ ቤቶችን ሕንፃ ወደ መግዛት የሄደው ለዚህ ነው። በወሎ ላለ ሙዚቃ ቤት ቅርቡ መንገድ ባለሙያውና ደንበኛው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ቤቱን መግዛት ነው። ያ እስኪሆን ግን የቃል ኪራይን ትቶ የጊዜ ገደቡ፣ የኪራይ ጭማሪው ልክና የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያው በቁጥር የተጻፈበት ውል መያዝ ይቀድማል። ለድምፅ መከላከያ የወጣው ወጪ ከኪራይ ላይ የሚታሰብበት አንቀጽም አብሮ ይግባ፤ ያለዚያ የተሠራው ጣሪያ ለአከራዩ ስጦታ ሆኖ ይቀራል።