በገጠር አነስተኛ ንግድ ዲጂታል ፈጠራ ምንድን ነው?

አንድ የገጠር ባለሱቅ ስማርት ስልክ ስለያዘ ወይም የቴሌብር ቁጥሩን በሱቁ በር ላይ ስለለጠፈ ብቻ ዲጂታል ፈጠራን ሥራ ላይ አውሏል ማለት አይቻልም። ጽንሰ ሐሳቡ የሚመለከተው መሣሪያውን ሳይሆን በመሣሪያው አማካይነት በንግዱ አሠራር ላይ የመጣውን ለውጥ ነው፤ ይኸውም ዕቃ የሚመጣበት፣ ዋጋ የሚታወቅበት፣ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ወይም ደንበኛ የሚገኝበት መንገድ ከቀድሞው በጉልህ ሲለይ ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትና የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አሻሽለው ባወጡት የመለኪያ መመሪያ መሠረት፣ አንድን ነገር ፈጠራ ለማለት ከድርጅቱ ከራሱ የቀድሞ አሠራር መለየቱና ሥራ ላይ መዋሉ ይበቃል፤ ለዓለም አዲስ መሆን አይጠበቅበትም። ስለዚህ በአዲስ አበባ የተለመደ አሠራር በጎንደር ገጠር፣ በጭልጋ ወይም በወገራ፣ ፈጠራ ሊሆን ይችላል፤ ተገዝቶ ያልተሠራበት ነገር ግን የትም ቢሆን አይቆጠርም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ከጎንደር ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቆላ ድባ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ይህ ነጋዴ በየሁለት ሳምንቱ ሱቁን ዘግቶ ጎንደር ይወጣል፤ 40,000 ብር የሚያወጣ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ገዝቶም ይመለሳል። በኋላ ግን ከአከፋፋዩ ጋር በስልክ እየተነጋገረ፣ ክፍያውን በስልክ እያስተላለፈ፣ ዕቃውን በየሳምንቱ በመኪና ያስልክ ጀመር። ሽያጩ ምንም ባይጨምር እንኳ ለዚያው ሽያጭ በአንድ ጊዜ 20,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ይበቃዋል፤ የተረፈውን 20,000 ብር ሌላ ዓይነት ዕቃ ሊያስገባበት ይችላል፤ ሱቁም አይዘጋም። በሌላ በኩል የማጓጓዣ ወጪው በእጥፍ ሊጨምር ስለሚችል ያ ተቀንሶ መታየት አለበት። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ፈጠራው የክፍያ መተግበሪያው ሳይሆን ዕቃ የማስመጣቱ ሥርዓት መለወጡ ነው፤ ስልኩ ያንን እንዲቻል አደረገ እንጂ በራሱ ትርፍ አላመጣም።

የንግድ ውጤታማነት የሚባለውም እንዲሁ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ መለኪያ ሆኖ የሚቀርበው የሽያጭ መጠን በብር ሲሆን፣ ይህ ግን በእኛ ሁኔታ በእጅጉ ያሳስታል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ስለናረ፣ አንድም ካርቶን ሳይጨምር ሽያጩ በብር ያደገ ነጋዴ ብዙ ነው። ከዚህ ይልቅ በካርቶንና በኩንታል የተሸጠው መጠን፣ ዕቃው በመደርደሪያ ላይ የሚቆይባቸው ቀናት፣ የተበላሸው ዕቃና ያልተሰበሰበው ዱቤ የተሻለ ይናገራሉ። ከዚህም ሌላ አዲስ ነገር ቶሎ የሚቀበሉት ነጋዴዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውንም የተሻለ ካፒታልና ትምህርት ያላቸው በመሆናቸው፣ ዲጂታል የሆኑትን ካልሆኑት ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ሁሉ ለቴክኖሎጂው መስጠት ስሕተት ነው። በየስብሰባው ስንት ነጋዴ ሒሳብ እንደከፈተ የሚቀርበው ሪፖርትም፣ በእኔ አስተያየት፣ ስለ ውጤታማነት የሚለው ነገር እምብዛም ነው።

የገበያ ዋጋን በስልክ ማወቅ ስለሚያስገኘው ጥቅም ደጋግሞ የሚጠቀሰው ማስረጃ የመጣው ከደቡብ ሕንድ ከኬረላ ነው። የሞባይል ስልክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 በባሕር ዳርቻው ሲስፋፋ፣ ዓሣ አጥማጆች ገና ባሕር ላይ ሳሉ ወደየትኛው ገበያ እንደሚሄዱ መወሰን ቻሉ፤ የአጥማጆቹ ትርፍ በአማካይ 8 በመቶ ሲጨምር፣ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ 4 በመቶ ቀነሰ፤ ሳይሸጥ የሚጣለውም ዓሣ ቀረ ማለት ይቻላል። ይህን ይዞ ለመተማ ሰሊጥ ወይም ለደምቢያ ጥቁር አዝሙድ አምራች ስልክ ይበቃዋል ብሎ መደምደም ግን ትክክል አይደለም። ኬረላ ውስጥ አጥማጁ ዋጋውን ከሰማ በኋላ አቅጣጫውን የሚለውጥበት ጀልባ በእጁ ነበረ። ለአረምና ለአጨዳ ከነጋዴ ብር የተበደረ ገበሬ ግን የጎንደርን ዋጋ ቢያውቅም እህሉን ለአበዳሪው ከማስረከብ ሌላ አማራጭ ላይኖረው ይችላል። መረጃ ዋጋ የሚኖረው ባለቤቱ በመረጃው ላይ ተመሥርቶ ሌላ ነገር ማድረግ ሲችል ነው፤ መጋዘን፣ መጓጓዣና ብድር የሌለበት የዋጋ መረጃ የተሸጠበትን ኪሳራ በትክክል ከማሳወቅ አያልፍም።

ክፍያን በተመለከተ፣ በግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው ቴሌብር በመተግበሪያ ብቻ ሳይሆን *127# ተብሎ በተራ ስልክም መሠራቱ ለገጠሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህኛው መንገድ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ትእዛዙን በቴሌግራም ብቻ ይቀበል የነበረ ነጋዴ ሥራው ሲቆም፣ በድምፅ ጥሪና በአጭር ቁጥር የሚሠራው የኔትወርክ ችግር ካልገጠመው ሊቀጥል ይችል ነበር። ለአካባቢው የሚስማማው ፈጠራ ረቀቅ ያለው ነው ብሎ ማሰብ የማይገባው ለዚህ ነው። ሌላው እንቅፋት ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ደንበኛው በስልክ ቢከፍልም ማርና ቅቤ ይዞ የመጣው ገበሬ በእጁ ብር ይፈልጋል፣ በከተማው ያለው የቴሌብር ወኪልም በገበያ ቀን በቂ ብር ላይኖረው ይችላል። ያም ሆኖ በስልክ የተደረገ ክፍያ መዝገብ ይተዋል። ቴሌብር በ2014 መጨረሻ ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመረው የአነስተኛ ብድር አገልግሎት የሚመለከተው ይህን የግብይት ታሪክ በመሆኑ፣ ቤት ወይም መሬት አስይዞ መበደር ለማይችል ባለሱቅ ትርጉም አለው።

በራሱ ሱቅ ለውጥ መምጣት አለመምጣቱን ማወቅ የሚፈልግ ነጋዴ ያለፈውን ወር ከዚህ ወር ጋር ማነጻጸር የለበትም። የጎንደር ገጠር ገበያ ከአዝመራ፣ ከጥር ሠርግና ከጾም ጋር የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ፣ ጥርን ከአምናው ጥር፣ የሁዳዴን ሳምንታት ከአምናው ሁዳዴ ጋር በዕቃ መጠን ማስተያየት ይኖርበታል፤ ለዚህም አሠራሩን ከመለወጡ በፊት ቢያንስ የአንድ ዓመት ደብተር በእጁ ሊኖር ይገባል።