ክራዮኒክስ ምንድን ነው?

በደብረ ብርሃን ዙሪያም ሆነ በመንዝ ደጋ፣ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ወደ ባቄላ ማሳ የወጣ ሰው ውርጭ የመታውን ቅጠል አሳምሮ ያውቀዋል። ፀሐይ እስክትወጣ አመዳይ ለብሶ ቀጥ ብሎ የቆመው ቅጠል፣ ሙቀት ሲያገኘው እንደ ተቀቀለ ጎመን ሟሽሾ ይጠቁራል። የጎዳው በረዶው ነው፤ ከሕዋሳቱ ውጭ ያለው ውሃ ሲረጋ የውስጡን ውሃ እየሳበ ሕዋሱን ያደርቀዋል፣ ሽፋኑንም ያበላሸዋል።

ክራዮኒክስ ይህንኑ ጉዳት በሰው ገላ ላይ ለመቀነስ የሚጥር ሥራ ነው። በሕግ መሞቱ የተረጋገጠን ሰው ሙሉ ገላ ወይም ጭንቅላቱን ብቻ፣ ወደፊት የሚመጣ ሕክምና ይጠግነዋል በሚል ተስፋ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ማቆየት ማለት ነው። ሐሳቡን ያስፋፋው አሜሪካዊው ሮበርት ኤቲንገር ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የመጀመሪያ ሆኖ የተቀመጠው ጄምስ ቤድፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ እስካሁን እንደ በረደ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ሰው «አስከሬን» ሳይሆን «ታካሚ» ይሉታል፤ ክርክሩ ሁሉ በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ናይትሮጅኑ ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ላሙ ኮርማ ስትፈልግ የማዳቀል ባለሙያ የሚጠራ የወተት አርቢ፣ የዕቃው ክዳን ሲነሣ ነጭ ጉም ሲተን አይቷል። ባለሙያው የኮርማ ዘር የያዘችውን ቀጭን ቱቦ (ስትሮ) በመቆንጠጫ አውጥቶ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ይነክራታል፤ ለዓመታት ጸጥ ብሎ የኖረው ዘር ይንቀሳቀሳል፣ ጥጃም ይወለዳል። ይህን ያስቻለው እ.ኤ.አ. በ1949 ጠቃሚነቱ የታወቀው፣ ሕዋሱን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቀው ግሊሰሮል የተባለ ፈሳሽ ነው። ነገር ግን የኮርማ ዘር ነጠላ ሕዋስ ነው፤ የሰው አንጎል ግን አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ ፀረ በረዶው ፈሳሽ በደም ሥር በኩል እያንዳንዱ ጥግ መድረስ አለበት፤ ሲበዛ ይመርዛል፣ ሲያንስ በረዶ ይሠራል። መጠኑ ከሠመረ ገላው በረዶ ሳይሠራ እንደ መስታወት ይጠጥራል፤ እሱም ቢሆን በቅዝቃዜው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ማሞቁም የዚያኑ ያህል ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት እንዲህ የጠጠረ የጥንቸል ኩላሊት ሞቆ ተመልሶ ተተክሏል፤ በ2023 ደግሞ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአይጥ ኩላሊቶችን እስከ 100 ቀን አቆይተው ተክለዋል። በዚህ መንገድ ቆይቶ የተነሣ ሰው ግን አንድም የለም።

ስለ ጥገናው ደጋፊዎቹ የሚጠብቁት እንደ አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤሪክ ድሬክስለር ያሉ ሰዎች ያሰቡትን፣ በሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሞለኪውልን ከሞለኪውል የሚያገጣጥም እጅግ ደቃቅ ማሽን ነው። ማሽኑ ዛሬ የለም፤ ቢኖርም እንኳ ሊጠግን የሚችለው ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ምልክቱ የቀረለትን ብቻ ነው። የተቀደደ የመንዝ በርኖስ ቢሆን ሸማኔው የክሩን ጫፍ አይቶ ያገጣጥመዋል፤ ተተርትሮ እንደገና የተባዘተ ሱፍ ከሆነ ግን የትኛው ክር የት እንደ ነበረ ማንም አይነግረውም። ከሞት በኋላ ያለ ደም የቆየ፣ ከዚያም የቀዘቀዘ አንጎል ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ነው ዋናው ጥያቄ፤ ማሽኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ የተለየ ዘዴ ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ ሰጥቷል። አንጎሉን ከማቀዝቀዝ በፊት አልዴሃይድ በተባለ ኬሚካል ባለበት እንዲጸና የሚያደርገው ይህ ዘዴ፣ በጥንቸል፣ ቆይቶም በአሳማ አንጎል ላይ ተሞክሮ የነርቮቹ መያያዣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቁልጭ ብሎ ታይቷል። ይሁንና ኬሚካሉ ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው፣ ያ አንጎል እንደ ስትሮዋ ለብ ባለ ውሃ ሞቆ የሚነሣ አይደለም።